የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ዓይንና የተዘነጋው የደም ግፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁ በጤና ዓምዱ ስለ ስኳር ሕመምና ሕመሙ በዓይን ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ያወጣቸውን ጽሑፎች በጥሞና ስከታተል ቆይቻለሁ። በአገራችን ብዙ ሰው ስኳርን ከእግር ቁስል ጋር እንጂ ከዓይን ጋር ስለማያገናኘው ጉዳዩን ማንሳታችሁ ብቻ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በጽሑፎቹ ሁሉ አንድ ጉድለት አይቻለሁ፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ስለመቆጣጠር በሰፊው ከተተነተነ በኋላ የደም ግፊት ጉዳይ በአንድ መስመር ታልፏል። ጉድለቱ የእናንተ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ። የስኳር ሕመም ቀን በኅዳር፣ የደም ግፊት ቀን በግንቦት፣ የዓይን ብርሃን ቀን ደግሞ በመስከረም ማብቂያ ወይም በጥቅምት መግቢያ ላይ ለየብቻ ይታሰባሉ፤ በሦስቱም ቀናት ምክሩን የሚቀበለው ታካሚ ግን ብዙውን ጊዜ ያው አንዱ ሰው ነው።

እኔ በነርስነት ሙያ አገልግዬ አሁን ጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ከአገልግሎት ዘመኔ የሚበዛውን ያሳለፍኩት የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን በሚታዩበት የክትትል ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ የሚመጣ ታካሚ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ስኳሬ ስንት ሆነ?» ብሎ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ይደነግጣል፤ ዝቅ ካለ ፈጣሪውን አመስግኖ ይወጣል። በዚያው ጠዋት ክንዱ ላይ ተለክቶ በካርዱ የተጻፈው 160 በ100 ግን ብዙም አያሳስበውም፤ «ደም ብዛቱማ የቆየ ነው» ይላል። ሰልፉ ረጅም በመሆኑ ባለሙያውም ቢሆን ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም፤ ስኳሩ ወርዶ ከተገኘ የግፊቱ መድኃኒት «ባለበት ይቀጥል» ተብሎ ይጻፋል፣ ቀጣዩ ታካሚም ይጠራል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይኸው ልማድ ነው፤ ምክንያቱም ስኳሩ ባለበት ቆሞ እንኳ በግፊቱ ምክንያት ብቻ ዓይኑ የሚጎዳ ሰው ጥቂት አይደለም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በአጭሩ ላስረዳ። በዓይናችን ጀርባ ያለው ሬቲና የሚባለው ስስ ሽፋን ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አእምሮ የሚልክ ሲሆን፣ የሚመገበውም እጅግ ቀጫጭን በሆኑ የደም ሥሮች አማካይነት ነው። ጤናማ የሆኑ የሬቲና ሥሮች የደም ግፊት ከፍ ሲል እየጠበቡ፣ ዝቅ ሲል እየሰፉ በውስጣቸው የሚያልፈውን ደም መጠን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ይህን ችሎታቸውን ይነጥቃቸዋል፤ ግድግዳቸውን ከውጭ ደግፈው የሚይዙት ሕዋሳት ይሞታሉ፣ ግድግዳውም እየሳሳ በየቦታው ያብጣል። ከፍተኛው የደም ግፊት የሚያርፈው እንግዲህ በዚህ በተዳከመ ግድግዳ ላይ ነው። ሌሊት ውኃ በኃይል ሲለቀቅ ቀድሞ የሚፈነዳው ያረጀው ቧንቧ እንደሚሆን ሁሉ፣ በስኳር የተጎዳ የዓይን ሥርም ጤናማው ሥር ሊቋቋመው የሚችለውን ግፊት መቋቋም ያቅተዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሂደት ሁለት መንገድ አለው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ሁለቱም ይገናኛሉ። በአንደኛው መንገድ ከሥሮቹ ውስጥ ፈሳሽና ቅባት እየሾለከ የሬቲናውን ማዕከል ያሳብጠዋል፤ ይህ ማዕከል ለማንበብ፣ መርፌ ለመሰካትና የሰው ፊት ለመለየት የምንጠቀምበት ቦታ በመሆኑ ሲያብጥ ዓይን መሃሉ ይደበዝዛል። በሁለተኛው መንገድ ቀጫጭኑ ሥሮች እየተደፈኑ ደም የተቋረጠበት የሬቲና ክፍል አዳዲስ ሥሮች እንዲበቅሉ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ የሚበቅሉት ሥሮች ግን ደካማ ናቸውና በቀላሉ እየተበጠሱ ዓይን ውስጥ ይደማሉ፣ ሲቆይም ጠባሳቸው ሬቲናውን ከቦታው ይስበዋል። ታካሚዎች «ድንገት ጥቁር መጋረጃ ወረደብኝ» ወይም «የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ዓይኔ ላይ ይዋኛል» ብለው የሚመጡት በዚህ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ብዙውን ጊዜ ሕመም፣ መቅላት ወይም የእይታ ለውጥ የሚባል ነገር የለም። ስኳሩም፣ ግፊቱም፣ የሬቲናው ጉዳትም ድምፅ አልባ በመሆናቸው ታካሚው ጤነኛ ነኝ ብሎ ሲያምን ልንቆጣው አይገባም፤ የሚሰማው ነገር የለምና።

የደም ግፊት በዚህ ጉዳት ውስጥ ያለው ድርሻ በግምት የሚነገር አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1977 የተጀመረውና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ሮበርት ተርነር የተመራው ታላቁ የስኳር ሕመም ጥናት፣ ሕመሙ አዲስ የተገኘባቸውን ከአምስት ሺሕ የሚበልጡ የሁለተኛው ዓይነት (በብዛት በጎልማሶች ላይ የሚታየው) ስኳር ሕሙማንን ለረጅም ዓመታት ተከታትሏል። ከእነዚህ ውስጥ የደም ግፊት የነበረባቸው 1,148 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለ758ቱ ግፊታቸው ከ150 በ85 በታች እንዲሆን ጠበቅ ያለ ሕክምና ተሰጣቸው፤ ለቀሩት 390ዎቹ ደግሞ ከ180 በ105 በታች መሆኑ በቂ ነው ተባለ። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ጠበቅ ያለ የተባለው እንኳ ልል ነው፤ በዚያ ዘመን ግን ግፊትን ከዚህ በላይ ማውረድ ጥቅም ስለመስጠቱ ሐኪሞች ራሳቸው አልተስማሙም ነበር።

ከስምንት ዓመታት በላይ በወሰደ ክትትል የመጀመሪያው ቡድን አማካይ ግፊት 144 በ82፣ የሁለተኛው 154 በ87 ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ከላይ አሥር፣ ከታች አምስት ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ፤ በክትትል ክፍል ውስጥ «ትንሽ ነው ከፍ ያለው» ተብሎ የሚታለፈው ልዩነት ይህን ያህል ነውና። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1998 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ በዚህች ልዩነት ምክንያት ግፊታቸው በተሻለ የተያዘላቸው ሰዎች ሬቲናቸው በሁለት ደረጃ የመባባስ ዕድሉ በ34 በመቶ፣ የማየት ችሎታቸው በፊደል ሰሌዳ ላይ ሦስት መስመር የመውረድ ዕድሉ ደግሞ በ47 በመቶ ቀነሰ። በስትሮክ የመመታት ዕድላቸውም በ44 በመቶ ያነሰ ነበር። መድኃኒቱ ካፕቶፕሪል ሆነ አቴኖሎል በውጤቱ ላይ ጉልህ ልዩነት አላመጣም፤ ዋናው ጉዳይ ግፊቱ መውረዱ ነበር። ይህ ለእንደኛ ያለ አገር ትልቅ ዜና ነው፤ ሁለቱም ከብዙ ዘመን በፊት የተሠሩና ውድ ያልሆኑ መድኃኒቶች ናቸው። አንድ ሌላ ነጥብም አለ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ጠበቅ ያለ ሕክምና ከሚወስዱት ውስጥ 29 በመቶ የሚሆኑት ግፊታቸውን ለመያዝ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ዓይነት መድኃኒት አስፈልጓቸዋል። ስለዚህ ሐኪም ሁለተኛና ሦስተኛ ክኒን ሲጨምር በሽታው ከእጅ አመለጠ ማለት አይደለም፤ ሕክምናው በተፈጥሮው እንዲህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝና ለአገራችን ሁኔታ ይበልጥ ይቀርባል የምለው ግን ጥናቱ ካበቃ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ተሳታፊዎቹ ወደ መደበኛ ሐኪሞቻቸው ተመልሰው ለተጨማሪ አሥር ዓመታት ያህል ክትትል ሲደረግላቸው፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበረው የግፊት ልዩነት በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነው ውጤት እንዳሳየው ልዩነቱ ሲጠፋ ጥቅሙም አብሮ ጠፋ። በስኳር ቁጥጥር በኩል የታየው ከዚህ የተለየ ነበር፤ በሽታው እንደተገኘ ስኳራቸውን በደንብ የተቆጣጠሩ ሰዎች፣ በኋላ ቁጥራቸው ከሌሎቹ ጋር ቢመሳሰልም እንኳ የቀድሞው ጥንቃቄ ትሩፋት ለዓመታት ተከትሏቸዋል። ግፊት እንዲህ ያለ ስንቅ አያስቀምጥም። የሚጠቅመው በተያዘበት ጊዜ ብቻ ነው፤ መድኃኒቱን ሦስት ዓመት በሥርዓት ወስዶ በአራተኛው ያቆመ ሰው በሦስቱ ዓመታት ድካሙ ተማምኖ ሊቀመጥ አይችልም።

በእኛ ዘንድ ደግሞ መድኃኒት የሚቋረጥበት ምክንያት ስፍር ቁጥር የለውም፤ ከሁሉም ደጋግሞ የሚያጋጥመው «ተሽሎኛል» የሚለው ነው። ግፊቱ የወረደው በክኒኑ መሆኑ ይዘነጋና መውረዱ ራሱ ክኒኑን ለመተው ምክንያት ይሆናል። ሌላው «አንዴ ከጀመርኩት አልላቀቀውም» የሚል ፍርሃት ነው፤ መድኃኒቱ ሱስ የሚሆንባቸው የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። እውነቱ ግን የማይላቀቀው በሽታው እንጂ ክኒኑ አለመሆኑ ነው። ኢናላፕሪል የጀመረ ሰው ደረቅ ሳል ይይዘውና ለሳሉ ሽሮፕ እየገዛ ሲሰቃይ ከርሞ በመጨረሻ ክኒኑን ይጥለዋል፤ አምሎዲፒን የሚወስድ እግሩ ያብጥበትና ኩላሊቴ ተነካ ብሎ ይሰጋል፤ የሚያሸና መድኃኒት የታዘዘላቸው ረጅም መንገድ በአውቶቡስ የሚሄዱበት ቀን ሲሆን ይዘሉታል። ለእነዚህ ሁሉ መፍትሔ አላቸው፤ ሳል ያስከተለው በሎሳርታን ወይም በሌላ ሊተካ ይችላል፣ የሌላው መጠንና ሰዓት ሊስተካከል ይችላል። ታካሚው ግን አይናገርም፤ ባለሙያውም አይጠይቅም።

ጾምም መነሳት ይኖርበታል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚቆዩ ምእመናን፣ በረመዳንም ከንጋት እስከ ምሽት የሚጾሙ ወገኖች የጠዋቱን ክኒን ጨርሰው ይተዉታል እንጂ ሰዓቱን ለማዛወር ሐኪም አያማክሩም። አብዛኞቹ የግፊት መድኃኒቶች በቀን አንዴ የሚወሰዱ በመሆናቸው ወደ ማታ ማዛወር በብዙ ሰው ላይ ይቻላል፤ የኢንሱሊንና ስኳርን የሚያወርዱ አንዳንድ ክኒኖች ጉዳይ ግን አደገኛ ስለሆነ ያለ ምክር ሊነካ አይገባም። ጠበል የሚሄዱ ወገኖችም መድኃኒታቸውን ይዘው ቢሄዱ እምነታቸውን የሚነካባቸው ነገር አይኖርም፤ ይህን የሚያስተምሩ አባቶች ስላሉ ቃላቸው ይበልጥ ቢሰማ መልካም ነው። ሺፈራውን፣ ፌጦንና ነጭ ሽንኩርትን በተመለከተ ምግብ ሆነው ቢበሉ አልቃወምም፤ የታዘዘ መድኃኒትን ተክተው ሲመጡ ግን ውጤቱን በካርድ ላይ ሲጻፍ አይቼዋለሁ።

ጨው ለብቻው ደብዳቤ የሚወጣለት ጉዳይ ቢሆንም አንድ ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። የእኛ በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመርበታል፤ ገበታ ላይ ሚጥሚጣ ይመጣል፣ እሷም ጨው አላት። ስኳር ያለበት ሰው ሻይ ያለ ስኳር እየጠጣ በጨው በኩል ማንም የማይቆጣው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

እዚህ ላይ በሌላው ወገን ያለውን ስሕተትም ማንሳት ተገቢ ነው፤ ግፊት በወረደ ቁጥር ዓይን ይበልጥ ይድናል ማለት አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ በተካሄደና የዓይን ክፍሉ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ሌላ ትልቅ ጥናት፣ የላይኛው ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲሆን የተደረጉ የስኳር ሕሙማን ከ140 በታች እንዲሆን ከተደረጉት ጋር ተነጻጽረው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የሬቲና ጉዳታቸው የተባባሰባቸው በመጀመሪያው ቡድን 10.4 በመቶ፣ በሁለተኛው 8.8 በመቶ ሲሆኑ ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም፤ ማለትም ተጨማሪው መውረድ ለዓይን ተጨማሪ ጥቅም አላመጣም። የተለያዩ ጥናቶችን ደምረው የመረመሩ ባለሙያዎችም ግፊትን መቆጣጠር የዓይን ጉዳቱ እንዳይጀምር ስለማድረጉ ያለው ማስረጃ፣ ከጀመረ በኋላ እንዳይባባስ ስለማድረጉ ካለው ማስረጃ የጠነከረ ሆኖ አግኝተውታል። ሁለቱን ውጤቶች አንድ ላይ ሳያቸው የሚነግሩኝ ነገር ግልጽ ነው፤ ከፍ ብሎ የቆየን ግፊት በጊዜ ማውረድና እንደወረደ ማቆየት ነው ቁም ነገሩ፣ ቁጥሩን እስከ ታች ድረስ ማሳደድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ስኳር ላለባቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥር ከ130 በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህ ግብ ለልብና ለአንጎልም ታስቦ የተቀመጠ ነው። በዕድሜ የገፉና ሲነሡ የሚያዞራቸው ሰዎች ግን ግባቸውን ሐኪማቸው ለይቶ ሊወስንላቸው ይገባል። ስኳር ነርቮችን ስለሚጎዳ ተቀምጠው ሲለኩ 150 የሆኑ አዛውንት ቆመው ሲለኩ በጣም ወርደው የሚገኙበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ላሉት ሰዎች ቆሞ መለካትም የምርመራው አካል ሊሆን ይገባዋል።

አለካኩን ካነሳሁ አይቀር፣ የተሳሳተ ልኬት ካለመለካት ይከፋል የሚል አቋም አለኝ። ታካሚው ከታክሲ ወርዶ ደረጃ ወጥቶ እንደገባ፣ ጋቢው ወይም ሹራቡ ሳይወልቅ፣ እያወራ የሚወሰድ ቁጥር ለውሳኔ አይበቃም። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጀርባውን ደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር መቀመጥ አለበት፤ ክንዱ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ማረፍ አለበት፤ ከመለካቱ በፊት በነበረው ግማሽ ሰዓት ቡና ያልጠጣና ያላጨሰ፣ ሽንቱንም የሸና መሆን አለበት። የመለኪያው ጨርቅ ለወፍራም ክንድ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። በዓይን ክፍል የሚለካው የዓይን ውስጥ ግፊትም ከዚህ የተለየ ምርመራ ነው፤ «ዓይን ክፍል ግፊቴን ለክተውኛል፣ ደህና ነው ተብያለሁ» ብለው የክንዱን ልኬት የሚዘሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ወደ ዓይን ምርመራው ልምጣ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙ በታወቀበት ጊዜ፣ አንደኛው ዓይነት (ሰውነት ኢንሱሊን ማመንጨት የሚያቆምበት) ያለበት ደግሞ ሕመሙ ከተገኘበት ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ፣ ከዚያም ሐኪሙ ካላራዘመለት በየዓመቱ ሬቲናውን መታየት ይኖርበታል። ሁለተኛው ዓይነት ሳይታወቅ ለዓመታት ስለሚቆይ ስኳር አለብህ በተባለበት ዕለት ዓይኑ ቀድሞ ተነክቶ የሚገኝ ሰው አለ። ምርመራው የዓይን ብሌን በጠብታ ሰፍቶ ወይም በልዩ ካሜራ ፎቶ ተነሥቶ የሚደረግ ነው፤ መነጽር ቤት ገብቶ ፊደል ማንበብ የዚህ ምትክ አይሆንም። መነጽር እየቀያየሩ ሁለት ሦስት ዓመት የሚያባክኑ ሰዎች እየበዙ ስለሆነ የመነጽር ባለሙያዎች ደንበኛቸውን «ስኳር አለብዎ?» ብለው ቢጠይቁ ትልቅ ውለታ ይሆናል። ጉዳቱ በጊዜ ከተደረሰበት በሌዘር ጨረርና በዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ የቀረውን እይታ ማቆየት ይቻላል፤ የጠፋውን መመለስ ግን ብዙ ጊዜ አይቻልም። ሕክምናውን እየወሰደ ግፊቱ 180 ላይ የቆመ ታካሚ ደግሞ ሐኪሙን ከላይ እየቀዳ ከታች እንዲፈስስበት ያደርገዋል።

ነፍሰ ጡሮችን በተመለከተ ባጭሩ፣ ከእርግዝና በፊት ስኳር የነበረባት እናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዓይኗን መታየት አለባት፤ በእርግዝና ወቅት የሬቲና ጉዳት በፍጥነት ሊባባስ ይችላልና። ኢናላፕሪልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ግን ፅንሱን ስለሚጎዱ ለማርገዝ ስታስብ አስቀድማ ለሐኪሟ ልትነግረው ይገባል።

ይህ ሁሉ የታካሚው ኃላፊነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጋዜጣ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ስኳር ያለበትን ሰው ሁሉ እየጠራ የሬቲናውን ፎቶ የሚያነሳ አገር አቀፍ አገልግሎት ተዘረጋ፤ የስኳርና የግፊት ሕክምናውም በዚያው ዘመን ተሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው በእንግሊዝና በዌልስ፣ ቢያንስ በአምስት አሥርት ዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎችን ለዓይነ ስውርነት በመዳረግ የስኳር የዓይን ጉዳት ከአንደኛነት ወርዷል። ፎቶውን የሚያነሱት የዓይን ሐኪሞች አይደሉም፤ ለዚሁ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። የዓይን ስፔሻሊስቶቻችን በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች በተሰባሰቡበት ሁኔታ ለእኛም የሚያዋጣን ይኸው መንገድ ይመስለኛል።

ካሜራው እስኪመጣ ድረስ ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ካጸደቃቸው የ2030 ግቦች መካከል፣ ስኳር እንዳለባቸው ከታወቁ ሰዎች 80 በመቶ የሚሆኑት ስኳራቸውን፣ እንዲሁም 80 በመቶ የሚሆኑት የደም ግፊታቸውን በደንብ እንዲቆጣጠሩ የሚሉት ይገኙበታል። ሁለቱ ግቦች እኩል ቁጥር የተሰጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የክትትል ካርዶቻችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከስኳሩ ጎን የግፊቱ ቁጥርና ዓይን የታየበት ቀን በአንድ መስመር ቢጻፉ፣ ባዶ የቀረው ቦታ ራሱ ለባለሙያው ያሳብቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በሚያዳርሷቸው ቤቶች ስኳር ያለበትን ሰው ግፊት እንዲለኩ መሣሪያና ሥልጠና ቢያገኙ፣ ታካሚው ለአንድ ቁጥር ሲል የቀን ደመወዙንና የመጓጓዣውን ወጪ አያጣም። የዓይን ክፍሉም ደም የፈሰሰበት ሬቲና ሲያይ የታካሚውን ክንድ ለክቶ ውጤቱን ወደ ክትትል ክፍሉ በጽሑፍ ቢልክ፣ አሁን አንዱ የሌላውን የማያውቅባቸው ሁለት ክፍሎች ስለ አንድ ሰው መነጋገር ይጀምራሉ።

በመጨረሻም የመድኃኒት አቅርቦቱን የሚመለከታቸው አካላት እንዲያስቡበት አደራ እላለሁ። ግፊቱ ለተረጋጋ ታካሚ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ቢሰጠው ሰልፉም ይቀንሳል፣ የሚቋረጠውም ቀን ያንሳል። በጤና መድን የታቀፈ ሰው በተቋሙ ፋርማሲ «አልቋል» ሲባልና ከውጭ በራሱ ገንዘብ መግዛት ሲያቅተው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማንም አይከተለውም። የታዘዘው ከጠፋ በዚያው ቤት ካሉት የትኛው ሊተካው እንደሚችል ፋርማሲስቱ በዚያው ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ እንዲወስን የሚያደርግ አሠራር ቢኖር፣ ታካሚው ለወሩ ባዶ እጁን አይመለስም ነበር። ጋዜጣችሁ ስለ ስኳር ሕመም በሚቀጥለው ጊዜ የጤና ኃላፊዎችን ሲያነጋግር ይህን ጥያቄ እንዲያነሳልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ ነርስ፣ ከባሕር ዳር